ሊቀመንበሩና የለቅሶው ድንኳን

አቶ አጥናፉ የእድራችን ሊቀመንበር ሆነው ከተመረጡ ወዲህ አንገታቸው ወደ መሬት ዞሮ አያውቅም። የእድሩ ድንኳን ሰው ሲሞት ብቻ ነው የሚወጣው፤ እሳቸው ግን ለልጃቸው ሰርግ ፈለጉት። ዕቃ ቤት ጠባቂዋ «አይሆንም» ብትላቸው፣ «ተባረሻል፣ ቁልፉን አምጪ!» አሏት።

ሴትዮዋ ቁልፉን መቀነቷ ላይ ቋጥራ ጠቅላላ ጉባኤው ፊት ቀረበች። የፊተኛው ሊቀመንበር ባኮረፈ ቁጥር ጡሩምባ ነፊውን ሳይቀር እያባረረ ቢያስቸግር፣ ጉባኤው «ሊቀመንበር ያለ ጥፋት ማንንም አያባርርም» የሚል ደንብ አውጥቶ ነበር። ሽማግሌዎቹም «ጥፋቷ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ።

አቶ አጥናፉ ቱግ አሉ። «እኔን እምቢ ማለቷ አይበቃም? አንዲት ዕቃ ጠባቂ ማባረር ካቃተኝማ ሹመቴ ሞቷል በሉኛ!»

ሴትዮዋ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃ ብድግ አለች።

«ውይ ጌታዬ፣ ነፍስ ይማር! ምነው ቀድመው ቢነግሩኝ? ለሞተማ ደንቡ ይፈቅዳል። ይሂዱና ቤትዎ ይቀመጡ፤ ድንኳኑን አሁኑኑ አስተክልልዎታለሁ፣ ንፍሮውንም እኔው እቀቅላለሁ።»