የአጣጥ ሸለቆ የአደራ ኳስ

ይህ ታሪክ ከብዙ ሰው አፍ የተሰበሰበ ነው። ከተናገሩት ሽማግሌዎች አብዛኞቹ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ የጻፈውም ሰው ዕድሜው ስለ ገፋ ዓመቱን ወይም የአንዱን ሰው ስም አዛብቶ ሊሆን ይችላል። የተሻለ የሚያውቅ ካለ ያርመው፤ ዋናው ነገር ግን አልተዛባም ተብሎ ይታመናል።

በወሎ ቆላ፣ በአጣጥ ወንዝ ግራና ቀኝ የሚኖሩ ሰዎች መኸር ተሰብስቦ ጎተራ ሲሞላ የሚጀምሩት፣ የበልግ ዝናብ ሳይጠና የሚጨርሱት የእግር ኳስ ውድድር አላቸው። የአጣጥ ሸለቆ ሊግ ይባላል። ይህን ሊግ ለማየት ከሌላ አገር የመጣ ሰው አንድ የሚገርመው ነገር አይጠፋም። እንግዳው ቡድን ሰው ጎድሎበት ከመጣ ባለሜዳው ከገዛ ተጫዋቾቹ አንዱን ያውሰዋል፤ ያ የተዋሰው ሰውም «አደራ» ይባላል። አደራው በጨዋታ መካከል ተሳስቶ ኳሱን ለአገሩ ልጆች ቢሰጥ፣ ኳሱ የደረሰው ሰው፣ ጎሉ ባዶ ቢሆን እንኳ፣ ለአደራው ይመልስለታል እንጂ አይመታም። ይህ የሚሆነው በአንድ ጨዋታ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ለሁለተኛው ስሕተት ምሕረት የለም። ዳኛው ፊሽካ አይነፋም፤ ተመልካቹም ዝም ብሎ ያያል። በአንድ ወቅት ከዞን የተላከ ዳኛ ይህን አይቶ «ጨዋታ ሸጣችሁ» ብሎ ሁለቱንም ቡድኖች ሊከስ ተነሥቶ ነበር ይባላል፤ ምሳ አብልተው፣ ነገሩን ከሥሩ ጀምረው ካስረዱት በኋላ ግን ተወው።

ነገሩ ከሥሩ እንዲህ ነበር ይላሉ።

ሊጉን የመሠረቱት መምህር ጥላዬ የሚባሉ፣ ከደጋ ተመድበው የመጡ አስተማሪ ናቸው። በመጀመሪያ የነበሩት ክለቦች አራት ነበሩ። አንደኛው የዋንዛ በር ከተማ ጥጥ መዳመጫ ሠራተኞች ቡድን ነበር። ሁለተኛው በወንዙ ማዶ ያለው የእርሻ ጣቢያ ቡድን ሲሆን ብርቱካን እየበላ ስለሚጫወት ሁልጊዜ ጉልበት የሚተርፈው ነበር። ሦስተኛው መምህር ጥላዬ ራሳቸው ያሰባሰቡት የመምህራን ቡድን ነበር፤ እሱም ከመጫወት ይልቅ መከራከር የሚወድ ነበር ይባላል። አራተኛው መንገድ ሥራ የሚባለው የመንገድ ሠራተኞች ቡድን ነው።

መንገድ ሥራ እንደ ሌሎቹ አገር አልነበረውም። ጥርጊያው በተገፋ ቁጥር ድንኳኑን ነቅሎ ስለሚሄድ የኔ የሚለው ሜዳ አልነበረውም፤ ጨዋታው ሁሉ በሰው ሜዳ ነበር። ተጫዋቾቹ ከየአውራጃው የተሰበሰቡ፣ አንዳንዶቹም ቤተሰባቸውን ካዩ ዓመታት ያለፋቸው ሰዎች ነበሩ። ፎርማናቸው ዱባለ «የእኛ አገር ይህች ማሊያ ናት» ይል ነበር ይባላል። ሊጉ ደግሞ ጥብቅ ደንብ ነበረው፤ አሥራ አንድ ሰው ያልሞላ ቡድን አይጫወትም፣ ሁለት ጊዜ በፎርፌ የተሸነፈም ከሊጉ ይሰረዛል። መንገድ ሥራ ይህ ነገር በሆነበት ዓመት መኪና ተበላሽቶበት አንድ ጊዜ ቀርቶ ነበር።

በዚያው ዓመት የጥጥ መዳመጫው አምበል እንድሪስ ይማም ነበር። እንድሪስ የሸለቆው ኃይለኛ አጥቂ ነበር፤ ይሁን እንጂ ሁለት ዓመት በተከታታይ በመጨረሻው ጨዋታ ዋንጫ አምልጦታል። ጉልበቱ ስላበጠና ማታ ማታ በሞቀ ጨው ውሃ እየታጠበ ስለሚያድር ያ ዓመት የመጨረሻው እንደሆነ ያውቅ ነበር። ከተማውም ያውቅ ነበር፤ ስለዚህ እሱ ባለፈበት ሁሉ «ዘንድሮስ?» ይሉታል። እሱም «ዘንድሮማ» ብሎ ያልፋል።

እንድሪስ አባቱ ሲሞት ያሳደገው ፈንታው የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረው። ፈንታው የቡድኑ ሁለተኛ በረኛ ነበር፤ ይህም ማለት በሊግ ጨዋታ አንድ ቀን እንኳ ጎል ላይ ቆሞ አያውቅም፣ ወንበር ያሞቃል እንጂ። ቁመቱ አጭር ነበር። ነገር ግን በየቀኑ ሥራ ሲያበቃ በጥጡ እስር ክምር ጀርባ ወንድሙ ይመታል፣ እሱ ይይዛል፤ ይዞም «እንካ አያ» ብሎ ኳሱን በእጁ አንከባልሎ ወደ ወንድሙ እግር ይመልሳል። ይህ ለዓመታት ሳይቋረጥ የኖረ ነገር ነበር።

የመጨረሻው ጨዋታ በዋንዛ በር፣ በጥጥ መዳመጫውና በመንገድ ሥራ መካከል ሆነ። ጥጥ መዳመጫው ካሸነፈ ዋንጫው የሱ ነው፤ አቻ ከወጣ ግን በነጥብ የእርሻ ጣቢያው ይወስደዋል። በልጉ በዚያ ዓመት ቀድሞ ገብቶ ስለነበር አጣጥ ሞልቶ አደረ። የመንገድ ሥራ ሰዎች መኪናቸውን ማዶ ጥለው፣ ማሊያቸውን በራሳቸው ጠምጥመው፣ ገመድ ይዘው ተሻገሩ። በረኛቸው ግን መኪናውን ሲገፋ እግሩ ተሰብሮ ስለነበር ተሸክመውት መጡ። ሜዳ ሲደርሱ ተጠባባቂ አልነበራቸውም፤ የቆሙት አሥር ሰዎች ብቻ ነበሩ።

በረኛው ከትከሻ ሳይወርድ «በአንድ እግሬም ቢሆን እቆማለሁ» አለ።

ዳኝነቱን የያዙት መምህር ጥላዬ ፊሽካቸውን በእጃቸው እያገላበጡ «አይሆንም» አሉ። «ደንቡን አብረን ነው ያወጣነው፣ አቶ ዱባለ። እኔም አዝናለሁ።»

ዱባለ ማሊያውን ጨምቆ ውሃውን አፈሰሰና «ጋሼ ጥላዬ፣ ለሰው መንገድ ስንሠራ እኛው መንገድ አጣን እኮ» አለ።

ሕዝቡ ፎርፌ መሆኑን ሲሰማ ሜዳውን ወረረው። እንድሪስን አንሥተው ተሸከሙት፤ ዋንጫው ሳይለፉበት መጣላቸው። እንድሪስ ከሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ሲመለከት፣ አሥሩ ሰዎች በረኛቸውን ሣር ላይ አስቀምጠው በዙሪያው ቆመዋል፤ የሚሄዱበትም የሚቀመጡበትም የጠፋቸው ይመስላሉ። ከዚያ በኋላ ሊግ የላቸውም፤ ሊግ ከሌላቸው ደግሞ ተበትነው የቀን ሠራተኞች ብቻ ይሆናሉ። እንድሪስ «አውርዱኝ» አለ ይባላል።

በዚህ ጊዜ አባባ አራጋው የሚባሉ፣ ሜዳውን ከግጦሻቸው ቆርሰው የሰጡ ሽማግሌ ከጥላቸው ሥር ተነሡ።

«ይህን መሬት ስሰጥ፣ እንግዳ ጎድሎበት ይመለስበታል ብዬ አልሰጠሁም» አሉ። «ማዕድ ላይ ሰው ቢጎድል ከቤት ሰው ይሟላል።»

ከመዳመጫው ልጆች አንዱ «አባባ፣ ይሄ እኮ ማዕድ አይደለም፣ ኳስ ነው» አላቸው።

«አውቃለሁ። የደከመው ጆሮዬ ነው እንጂ ዓይኔ አይደለም።»

መምህር ጥላዬ ደንቡን በልባቸው አገላበጡት፤ አሥራ አንድ ይሙላ ይላል እንጂ ከየት ይሙላ አይልም። «ባለሜዳው ከፈቀደ እኔ አልከለክልም» ሲሉ የሰው ሁሉ ዓይን ወደ እንድሪስ ዞረ። እንድሪስም «ፈንታው ይሂድላቸው» አለ።

ሜዳው ዳር ለውዝ የሚሸጡት እትዬ ዙሪያሽ «ውይ እንድሪስ፣ ለእንግዳ ግማሽ ሰው ይሰጣል?» ብለው ሕዝቡን አሳቁት። ስለዚህ ነገር እስከ ዛሬ ሁለት ዓይነት ይነገራል፤ አንዳንዶቹ በቀላሉ ለማሸነፍ ደካማውን ሰጠ ይላሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ ወንድሙ አንድ ቀን ጎል ላይ ቆሞ እንዲያይለት ፈልጎ ነው ይላሉ። ሁለቱም በልቡ ሳይኖሩ አይቀሩም።

ፈንታው እርጥቡን ማሊያ ሲለብስ እንድሪስ ጠጋ አለውና «ዛሬ የእነሱ ነህ። ብታዝንልኝ አዝንብሃለሁ» አለው። ፈንታው ራሱን በእሺታ ነቅንቆ ወደ ጎሉ ሄደ።

ጨዋታው ተጀመረ። እንደሚነገረው ከሆነ ፈንታው በዚያ ቀን የያዘውን ኳስ ማንም በሸለቆው የቆመ በረኛ ይዞት አያውቅም። የወንድሙን እግር ስለሚያውቅ ኳሱ ሳይነሣ ይነሣል። እትዬ ዙሪያሽ ለውዛቸውን ረስተው ቆሙ። በእረፍት ሰዓት ከተማው ተናዶ «የገዛ እንጀራችንን ነው የሰጠነው» ይል ጀመር፤ እንድሪስ ግን ጉልበቱን እያሸ መሬት መሬት ያይ ነበር፤ ሲስቅ ያየው አለ የሚሉም አሉ።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል እንድሪስ ሁለት ሰው አልፎ ከቅርብ መታ። ፈንታው ከጎሉ ወጥቶ ተወረወረና ኳሱን በሁለት እጁ አፍኖ መሬት ላይ ተዘረጋ። ከዚያም፣ ልክ በጥጡ ክምር ጀርባ እንደሚያደርገው፣ ከወደቀበት ሳይነሣ «እንካ አያ» አለና ኳሱን አንከባልሎ ወደ እንድሪስ እግር ላከው።

ፈንታው ያደረገውን ያወቀው ኳሱ ከእጁ ከወጣ በኋላ ነበር፤ እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። ጎሉ ባዶ ነው። ኳሱ ከእንድሪስ ደህነኛ እግር ፊት ቆሟል። ሦስት ዓመት የፈለገው ዋንጫ ከፊቱ አለ፤ በእግሩ ጫፍ ቢነካው ይገባል፤ ደንቡም አይከለክለውም። ሕዝቡ «ምታ፣ ምታ» ማለት ጀመረ።

እንድሪስ በዚያች ቅጽበት ያየውን ነገር ከብዙ ጊዜ በኋላ ለአንድ ወዳጁ ነግሮት ነበር ይባላል። ያየው ጎሉን አልነበረም፤ ሣር ላይ የተቀመጠውን በረኛና የዱባለን ፊት ነበር። ያችን ጎል ቢያገባ እነዚያ ሰዎች በየደረሱበት ድንኳን «የዋንዛ በር ሰው ወንድሙን አውሶ በወንድሙ እጅ አረደን» ብለው ያወራሉ፤ ፈንታውም ተሳስቶ እንደሆነ የሚያምነው ሰው አያገኝም። ዋንጫው ለአንድ ዓመት ነው፣ ክፉ ስሙ ግን እስከ መቃብር የወንድሙ ነው።

ኳሱን በእግሩ ረገጠው። ከዚያ ቀስ አድርጎ ወደ ፈንታው እቅፍ መለሰለትና «ዛሬ ያንተ አያ እኔ አይደለሁም» አለው።

ጨዋታው ያለ ጎል አለቀ። ዋንጫውን የእርሻ ጣቢያው ሰዎች በቦታው ሳይኖሩ፣ በወሬ ሰምተው ወሰዱት። ዋንዛ በር ለብዙ ቀን እንድሪስን አኮረፈ። እትዬ ዙሪያሽ ለውዝ ሊገዛ ሲመጣ «መንገድ ሥራዎች ይስጡህ» ብለው መለሱት፤ ጥቂት እንደሄደ ግን ጠርተው፣ እያጉረመረሙ በኪሱ ጨመሩለት። በተከታዩ ዓመት ጉልበቱ እምቢ ስላለው ጫማ ሰቀለ፤ ዋንጫ ሳያነሣ ቀረ።

ጨዋታው ባለቀበት ቀን፣ የመንገድ ሥራ ሰዎች ወንዙን መልሰው ከመሻገራቸው በፊት፣ ዱባለ ወደ እንድሪስ መጥቶ «ለጨዋታው ሰጥተኸናል። በረኛችን እስኪድን ለመንገዱም ስጠን» አለው። እንድሪስ ወንድሙን አየው። ፈንታው መሬቱን እያየ ነበር፤ ያን እርጥብ ማሊያ ግን አላወለቀም። እንድሪስም «ሂድ። እኔ ዘንድ ወንበር ስታሞቅ ታረጃለህ» አለው። የበረኛው እግር እስኪድን ተብሎ የሄደው ፈንታው የመንገድ ሥራ በረኛ ሆኖ ቀረ። መንገዱ ሸለቆውን እስኪለቅ ድረስ በሊጉ ተጫወተ፤ ለበዓልም እየመጣ ወንድሙን ይጠይቅ ነበር። በኋላ መንገዱ ተራራውን አልፎ ወደ በረሃው ሲወርድ መምጣቱ እየራቀ ሄደ፣ ከዚያም ቆመ።

ልማዱን ማንም ደንብ አድርጎ አላወጣውም። በሚቀጥለው ዓመት መምህራኑ ሰው ጎድሎባቸው የእርሻ ጣቢያው አንድ ልጅ ሲያውሳቸው፣ ልጁ ተሳስቶ ኳሱን ለጓደኞቹ ሰጠ፤ ጓደኛውም ሳይታዘዝ መለሰለት። ሕዝቡ ያኔ አጨበጨበ ይባላል። ከዚያ ወዲህ ክለቦቹ አሥር ደርሰዋል፣ ጥጥ መዳመጫው ተዘግቶ ቡድኑ የከተማው ቡድን ሆኗል፣ ኳሱ ግን ይመለሳል።

እንድሪስ ዛሬም አለ፤ ዓይኑ ደክሟል፣ ሜዳው ዳር ወንበር ይወጣለታል። ባለፈው ዓመት፣ ከአስተርዮ ማርያም በኋላ በዋለው የማክሰኞ ገበያ፣ ሰይድ የሚባል የአውቶቡስ ረዳት መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። መንገዱ በረሃው ውስጥ በሚያልቅበት ከተማ አድሮ ጨዋታ አይቶ ኖሯል፤ እዚያም ባዶ ጎል ፊት ኳስ ሲመልሱ አየ።

«ይሄ የእኛ የዋንዛ በር ነው ብላቸው ሊመቱኝ ነበር፣ አባባ» አለው። «ከአያቶቻችን የወረስነው ነው ይላሉ። ከጎሉ ጀርባ የተቀመጡ አንድ አጠር ያሉ ሽማግሌ እጄን ይዘው፣ ተዋቸው ልጄ፣ የነሱ ነው ይበሉ አሉኝ።»

«ስማቸውን ጠየቅሃቸው?»

«አልጠየቅሁም። መኪናው ሊነሣ ነበር።»

እንድሪስ ወንበሩን ወደ ረዳቱ አስጠጋ። ከዚያ «መቼ ነው ወደዚያ የምትመለሰው?» አለ።

«ነገ፣ አላህ ካለ።»

«እንግዲያው ለሽማግሌው ንገራቸው። መንገዱን ራሳቸው ሠርተውት የለም እንዴ? ይምጡበት በላቸው።»

ረዳቱ እሺ ብሎ ሄደ። በኋላ ወደ ሌላ መስመር ተዛውሯል ይባላል፤ መልእክቱን ያድርስ አያድርስ አልታወቀም። ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ የተሰማ ወሬ የለም።