በመቁጠሪያ የተያዘ ጥፋት

ፊታውራሪ አበጋዝ ትንፋሽን ብቻ እየተከተሉ ጸጥ ብሎ መቀመጥን ከአንድ ባሕታዊ ከተማሩ ወዲህ፣ የቤታቸውን ሰው ሁሉ ጧት ጧት አዳራሽ ሰብስበው ያስቀምጡ ጀመር። ሐሳቡ የባከነበት ሰው ምሳ የለውም ተባለ። ከሁሉም ይልቅ የቤቱን ጥጥ ፈታይ ሴት ከበዳት። ገና ከመቀመጧ እንቅልፍ ይመጣባታል፣ ጉልበቷን ይበላታል፣ ልቧም እንዝርቷ ጋ ይሄድባታል። እሷም እየመለሰች ታስቀምጠዋለች።

አንድ ቀን ተቀምጠው ሲነሡ ፊታውራሪ የጸሎት መቁጠሪያቸውን ከፍ አድርገው አሳዩ።

«ይህች ሴት ሁለት ጊዜ አንቀላፍታለች፣ አራት ጊዜ አክካለች፣ ሰባት ጊዜ በመስኮት አይታለች። አንድም ሳላስቀር በዚህ ይዤባታለሁ። ትክጃለሽ?»

«ኧረ አልክድም ጌታዬ» አለች ፈታይዋ አንገቷን ደፍታ። «የእኔ ሐሳብ እንደ ፈትሌ ነው፤ አሥራ ሦስት ጊዜ ተበጠሰ፣ አሥራ ሦስት ጊዜ ቀጠልኩት። የጌታዬ ግን የሄደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።»

ፊታውራሪ አንድ ከአሥራ ሦስት ማነሱ ደስ ብሏቸው፣ «ወዴት?» አሉ።

«እኔው ጋ ነዋ ጌታዬ። እስክንነሣም አልተመለሰም። የምሳውን ነገር እንግዲህ እርስዎ ይፍረዱት።»