አንዱን ያውርዱልኝ

አንድ ቀን፣ የእንስሳት ሐኪም ለመሆን ስንማር ነው፣ ጓደኛዬ አንዳርጌ ሰባት ኮርስ ተሸክሞ ሊሞት ደረሰ። ስድስቱ የዓመቱ ናቸው፤ ሰባተኛው አምና ወድቆ የሚደግመው ነው። ዘንድሮ ደግሞ አንድ ከወደቀ አለቀ፣ ይባረራል፤ ሻንጣውን ይዞ ወደ አገሩ! ልጁ ከመክሳቱ የተነሳ ዓይኑ ብቻ ቀረ። አስቦ አስቦ በመጨረሻ የንብ እርባታ ኮርሱን ጥሎ ለከርሞ ሊወስደው ቆረጠ። ኮርስ የሚጣልበት የመጨረሻው ቀን ያ ዕለት ነበር። ችግሩ ግን ወረቀቱ ላይ የሚፈርሙት ዶክተር አጥናፉ ናቸው።

ዶክተር አጥናፉ ማለት ለእንስሳ አንጀታቸው የማይችል፣ ለተማሪ ግን ወይ ፍንክች የሚሉ ሰው ናቸው። ያን ዕለት ጠዋት እንኳ ግቢው በር ላይ ከሰል የተጫነች አህያ አይተው መንገዱን ዘግተው ቆሙ።

«አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም? ጉልበቷ ሲንቀጠቀጥ አይታይህም?» ብለው ባለቤቱ ላይ ጮኹበት።

«ጌታዬ፣ ትችለዋለች። ለምዳዋለች እኮ» አለ ሰውየው።

«ጠይቀሃታል? አህያ ከአቅሟ በላይ ተጭና እኔ ቆሜ አላይም! አሁኑኑ አንዱን አውርድላት!»

ሰውየው እያጉረመረመ አንዱን ጆንያ አወረደ። አህያዋም ቀለል ብሏት መንገዷን ቀጠለች። አንዳርጌ አጠገቤ ቆሞ ይህን ሁሉ ያያል። በሕይወቴ በአህያ ሲቀና ያየሁት ሰው እሱ ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን ይዞ ቢሯቸው ገባ። እኔም የምጥለው ነገር ስለነበረኝ የራሴን ወረቀት ይዤ በሩ ላይ ተራ እየጠበቅኩ ነው። በሩ ገርበብ ስላለ ሁሉም ይታየኛል፣ ይሰማኛል።

«ዶክተር፣ በዝቶብኛል። የንብ እርባታን ልጣለው» አለ አንዳርጌ።

«አትጥልም! ትችለዋለህ።»

«ኧረ አልቻልኩም! እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ። አንዱን ካልጣልኩ ሁሉም ተባብረው እኔን ሊጥሉኝ ነው።»

«ትለምደዋለህ! እኛ በእናንተ ዕድሜ ዘጠኝ ኮርስ ይዘን ኳስ እንጫወት ነበር።»

አምና ሲነግሩን እኮ ስምንት ነበር! እሳቸው ባረጁ ቁጥር ኮርሱ ይጨምራል።

«ዶክተር፣ ብወድቅ እባረራለሁ እኮ! እናቴን በምን ዓይኔ ነው የማያት?» አለ አንዳርጌ፤ ድምፁ ተሰበረ። የእኔንም አንጀት በላው።

ዶክተር አጥናፉ ግን ትዕግሥታቸው አልቆ ጠረጴዛውን በጥፊ መቱት።

«ትችለዋለህ ስልህ አይገባህም? ምን ዓይነት አህያ ነህ አንተ!»

በቃ ልጁ ተናዶ ወጣ፣ ጉዱ ፈላ ብዬ እኔ ውጭ ሆኜ ደነገጥኩለት። አንዳርጌ ግን ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ።

«እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር! ተማሪ ነኝ እያልኩ ነው ለካ እስካሁን የተጉላላሁት። አህያ መሆኔን ካመኑልኝማ እንግዲህ አንዱን ያውርዱልኝ!»

ዶክተሩ ሳቃቸው መጣ፤ መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን እየጠረጉ ፈረሙለት።

«ሂድ! የቀረውን ስትሸከም ደግሞ እንዳትራገጥ» አሉት።

እሱ ሲወጣ እኔ ገባሁ። ዶክተር አጥናፉ ሳቃቸው ገና አልበረደም፤ እጄ ላይ ያለችውን ወረቀት አዩና «አንተስ ደግሞ ምንድን ነህ?» አሉኝ።

«እኔ ወንድሙ ነኝ፣ ዶክተር!»