ብልጭታው የማያውቀው ግድግዳ

አንድ ንጉሥ ከከተማው በላይ ትልቅ ግድብ ነበረው። ወንዙ ሊሞላ ሲል አስቀድሞ የሚነግረው ነገር ፈለገና ሁለት ጠራቢዎች አስጠራ፤ መንክርንና አስካለን። ሁለቱም የአንድ መምህር ተማሪዎች ነበሩ።

ሥራቸው እንዲህ ነው። አሸዋ አቅልጠው ሰሌዳ ያወጣሉ። በሰሌዳው ላይ ቀጫጭን መንገዶች ይጠርባሉ፤ በመንገዶቹ መካከል ግድግዳ፣ በግድግዳው ላይ በር። ከዚያ ብልጭታ ይለቁበታል። ብልጭታው በተከፈተለት እየገባ፣ ከተዘጋበት እየተመለሰ፣ መጨረሻ ላይ ካለችው መብራት ይደርሳል። መብራቷ ከበራች መልሱ «አዎ» ነው፤ ካልበራች «አይደለም»። መንገዶቹ በቀጠኑ ቁጥር እርስ በርስ ይቀራረባሉ፤ ብልጭታውም ቶሎ ይደርሳል። ስለዚህ በየዓመቱ ያሳንሷቸዋል።

ክረምት ሳይገባ ሰሌዳዎቹ አደባባይ ይወጣሉ። አንድ የሰው ጸጉር ስንት ቦታ ቢሰነጠቅ የመንገዱን ያህል እንደሚቀጥን አዋጅ ነጋሪው ይናገራል። አንድ ዓመት መንክር መቶ፤ በሚቀጥለው አስካለ ሁለት መቶ፤ እንዲህ እየተባባሉ ሁለቱም አንድ ሺህ ደረሱ። በፊት በፊት ሰዉ ቁጥሩን ሰምቶ ፍጥነቱንም ይለካ ነበር። እየቆየ ቁጥሩ ብቻ በቃው።

አንድ ሺህ በደረሱ በዓመቱ ንጉሡ አዲስ ነገር ወሰነ፦ ያሸነፈው ሰሌዳ የግድቡን በሮች ራሱ ይክፈት፣ ራሱ ይዝጋ።

የመንክር ቤት ከግድቡ በታች ነው። ሚስቱም ሁለት ሴት ልጆቹም እዚያ ናቸው።

መንክር ሁለት ሺህ ደረሰ። አንድ ረፋድ «ወንዙ ዛሬ ይሞላል?» ብሎ ጠይቆ ሳይጨርስ መልሱን አገኘ። ደስ ብሎት ሰሌዳውን በጨርቅ ሸፈነና እጁን ሊታጠብ ተነሣ። ከጨርቁ ሥር መብራቷ በራች። የጠየቀ ሰው የለም። ጠፋች። ደግማ በራች። ሰሌዳውን ቢነካው እንደ ንዳድ በሽተኛ ግንባር ይፋጃል። ማጉያ መነጽሩን አድርጎ አጎነበሰ። በሩ ዝግ ነው። ግድግዳው አልተሰነጠቀም። ብልጭታው ግን ወዲያ ማዶ ነው። ሲያልፍ አላየውም። እዚህ ነበረ፤ እዚያ ሆነ።

ሰሌዳውን ታቅፎ ወደ መምህሩ ወደ አለቃ ደምለው ሄደ። አለቃ ዓይናቸው ደክሟል። ጆሯቸውን ሰሌዳው ላይ ጥለው አዳመጡ።

«ግድግዳው አለ?»

«አለ፣ የኔታ።»

«ብልጭታው ያውቃል?»

አለቃ ወደ አንድ ሺህ እንዲመልሰው መከሩት፤ በዚህ ቅጥነት ግድግዳው ለጠራቢው እንጂ ለብልጭታው እንደሌለ ነገሩት። እሱ ግን አስካለ ሁለት ሺህ ደርሳ ቢሆንስ ብሎ ፈራ።

«እሷን እያየህ ነው የምትጠርበው?» አሉት። «እኔ ደግሞ እጅህን የምታይ መስሎኝ።»

መንክር ሰሌዳውን ወደ አንድ ሺህ አልመለሰውም።

አደባባይ ላይ የአስካለ ቁጥር ተነገረ። አንድ ሺህ፤ ያምናው። ሕዝቡ ሣቀ። አንዱ «ዘንድሮ ራሷን ተላጭታ ነው፣ የሚሰነጠቅ ጸጉር አጥታ» አለ። አስካለ ማቅጠኑን ትታ፣ ብልጭታ አብዝተው የሚላላኩትን የሰሌዳውን ክፍሎች አጠገብ ለአጠገብ እንዳደረገቻቸው አስረዳች። «ጎረቤት አደረግኋቸው፤ መንገዱ አጠረ» አለች። የሰማት የለም። ሁለቱ ሰሌዳዎች አንድ ጥያቄ ተጠየቁ፤ ሁለቱ መብራቶች በአንድ ቅጽበት በሩ። ያንንም ያስተዋለ የለም። ቁጥሩ አስቀድሞ ተጽፏል፤ አሸናፊው መንክር ነው።

ንጉሡ ወደ መንክር ዞረ። «የግድቡን ጠባቂዎች ላሰናብታቸው?»

መንክር መብራቷን አየ። ጠፍታለች። ዝም ብላለች።

«ያሰናብቷቸው፣ ጃንሆይ» አለ።

ክረምቱ በሰላም አለፈ። ጥር ገባ። አንድ ቀን በቀትር፣ ሰማዩ አንዲት ደመና ሳይኖርበት፣ ጥሩምባ ተነፋ። መንክር ከሥራ ቤቱ ወጥቶ ቁልቁል ሲያይ ውሃ በጠራራ ፀሐይ ወደ ሰፈሩ ይወርዳል። እግሩ ወደ ቤቱ ሊወስደው ነበር። ግን ምን እንደሆነ ስላወቀ ወደ ግድቡ ሮጠ።

እዚያ ሰው የለም። በሮቹ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ፣ ይከፈታሉ፤ ለብቻው እንደሚያወራ ሰው አፍ። መንክር በሰሌዳው ፊት ቆመና ከልማድ የተነሣ ጠየቀው።

«ወንዙ ይሞላል?»

ሳይጨርስ አዎ አለው። ወዲያው አይደለም አለው። ወዲያው አዎ። እንደዚያ ፈጥኖ መልሶ አያውቅም።

ከሰሌዳው ወደ በሮቹ የሚሄደውን ሽቦ በእጁ ነቀለው። መዳፉ ተጠበሰ። በሮቹ ወድቀው ተዘጉ።

ሃያ ቤት ውሃው ወስዷል፤ የሱንም ጭምር። ሚስቱንና ልጆቹን ከኮረብታው ላይ፣ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተቀምጠው አገኛቸው። ጥሩምባውን የነፋው ባሻ ጉልማ ነበር፤ ከተሰናበቱት ጠባቂዎች አንዱ። ሠላሳ ዓመት በየቀትሩ ወጥቶ ውሃውን ሲያይ ኖሯል። መሰናበቱን ጆሮው እንጂ እግሩ አልሰማም። መንክር እግሩ ላይ ሲወድቅ ባሻ አነሣው።

«ምን አደረግሁ ብለህ ነው? ሥራ የፈታ ሰው ውሃ ያያል።»

በሚቀጥለው ዓመት ግድቡ ላይ የአስካለ ሰሌዳ ተተከለ፤ አጠገቡ ለባሻ ጉልማ በርጩማ ተቀመጠ። የመንክር ሰሌዳ በሥራ ቤቱ ጥግ ጨርቅ ለብሶ ይኖራል። ሽቦ የለውም። አልፎ አልፎ ከጨርቁ ሥር ብርሃን ይታያል ይላሉ።

ማሳነስ ጥበብ ነው፤ ማፍጠንም ጥበብ ነው። ነገር ግን ግድግዳ ሁሉ ከዚህ በታች ግድግዳ አይደለሁም የሚልበት ልክ አለው። ያን ልክ የምናልፈው ዓይናችን ከእጃችን ተነሥቶ ተፎካካሪያችን ላይ ሲያርፍ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ አንተም ቤት ጠይቀህ ሳትጨርስ የሚመልስልህ ነገር ይኖር ይሆናል። ግለቱን ለማወቅ እጅህን ያሳረፍክበት መቼ ነው?