እጅ መንሻ ያልያዘችው እናት

አንዲት እናት ነበረች። ቆይ እንጂ አንዳርጌ፣ ጥያቄህን አልሸሸሁም። «ለጤና ጣቢያው ያዋጣነው የት ደረሰ ብሎ ሹምን መጠየቅ ድፍረት አይሆንብንም ወይ?» ብለህ አይደል የመጣኸው? ሰምቼሃለሁ። ሃያ ዓመት እድር ስዳኝ ሰው ሲያቋርጠኝ እንደማልወድ ታውቃለህ፤ አርፈህ ተቀመጥና የሴትዮዋን ነገር ስማ።

ሴትዮዋ ባልቴት ናት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ያለቻት አንዲት ልጅ ናት፤ የሻረግ ትባላለች። ልጅቱን የዳረቻት ከወንዙ ማዶ ላለ ገበሬ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ «እሰይ፣ ሩቅ አልሰጠሻትም» አላት፤ እውነትም ሩቅ አልነበረም። ደጇ ላይ ቆማ የማዶውን ቤት ጭስ ታያለች። በወንዙ ላይ የእንጨት ድልድይ ነበረ፤ ልጅቱ ከቤቷ ተነሥታ እናቷ ዘንድ እስክትደርስ አንድ እንስራ ውሃ ቀድቶ የመመለስ ያህል ቢፈጅባት ነው። ስለዚህ በሠርጓ ቀን እናትየዋ አላለቀሰችም። ምን ያስለቅሳታል? ነገ ትመጣለች።

ድልድዩን የሚያስጠብቀው የአገሩ ሹም ነው። ከጥንት ጀምሮ መኸር በገባ ቁጥር እያንዳንዱ ቤት ለድልድዩ አንድ አንድ ቁና እህል ይሰፍራል። እህሉ ሹሙ ግቢ ባለው ጎተራ ይገባል፤ ግንድ ለሚቆርጠው፣ ለሚጠርበው፣ ምሰሶ ለሚተክለው ሰው ቀለብ የሚሆነው እሱ ነው። ሹሙ ከራሱ አንዲት ፍሬ አይጨምርም። የሱ ድርሻ መጠበቅና ማሠራት ብቻ ነው።

ልጅቱ በጥር ተዳረች። በነሐሴ ደራሽ ውሃ መጣና ድልድዩን ጠርጎት ሄደ። ምሰሶዎቹ አስቀድመው በስብሰው ነበር፤ ለዓመታት ዞር ብሎ ያያቸው ሰው የለም። ወንዙ ደግሞ በገደል መካከል የሚወርድ ነው፤ በበጋም አይደፈርም። ሌላው መሻገሪያ የአራት ቀን መንገድ ያስኬዳል። የሻረግ አንድ ጊዜ ያን ሁሉ ዞራ መጣች። ስትደርስ እግሯ አባብጦ መቆም አቅቷት ነበር፤ ሦስት ቀን አድራ ተመለሰች። እናትየዋማ ጉልበቷን ታማለች፤ እንኳን አራት ቀን ልትጓዝ፣ ቤተ ክርስቲያን ስማ የምትመለሰውም በምርኩዝ ነው።

እንግዲህ ምን ያድርጉ? በየቅዳሜው እናት ከወዲህ፣ ልጅ ከወዲያ ገደሉ አፍ ላይ ይቆማሉ። ይተያያሉ። የውሃው ጩኸት ድምፅ አያሳልፍም፤ ስለዚህ በምልክት ነው። ልጅቱ ነጠላዋን ከፍ ስታደርግ ደህና ነኝ ማለቷ ነው። እናትየዋ እጇን ወደ አፏ ስትወስድ በልተሻል ወይ ማለቷ ነው። ወይ መከራ! የወለድሻት ልጅ ፊቷ ይክሳ ይፋፋ ሳታውቂ፣ ነጠላዋን ብቻ አይተሽ መመለስ! ሴትዮዋ ልጇን ለማቀፍ ክንዷን የሚያማት እስኪመስላት ድረስ ናፈቀች። አንድ ቅዳሜ ስትመለስ የልጇን ድምፅ በልቧ ልትሰማ ሞከረች፤ አልመጣላትም። «ድምፅዋን ረሳሁት» አለችና ቤቷ ገብታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

የአገሩ ሰውስ ዝም አለ? ኧረ አላለም። ለሹሙ እናመልክት ተባለ። እዚያ አገር ወደ ሹም ባዶ እጅ አይኬድም፤ ነውር ነው። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ጉንዶ ማር ይዘው ሄዱ። ዋናው ሽማግሌ፣ አፉ የሚጣፍጥ ሰው፣ ተነሥቶ «ጌታችን፣ እንደ አባት የሚያስቡልን፣ ከደግነትዎ ድልድይ ቢሰጡን» አለ። ሹሙ ማሩን ተቀብሎ «አስብበታለሁ» አለ። ሰዎቹ መርቀው፣ እልል ብለው ወጡ። ዓመት ጠበቁ፤ ምንም የለም። ታዲያ ምን አሉ መሰለህ? «ማሩ አንሶ ይሆናል» አሉ! በሁለተኛው ዓመት ሙክት በግ ጎተቱ። «ይታያል» ተባሉ፤ አሁንም እልል ብለው ወጡ። ለሦስተኛው ዓመት ወይፈን ይሁን ተባለ። ድልድዩ በዘገየ ቁጥር ስጦታው እያደገ ሄደ። ቁናውስ? ቁናውማ በየመኸሩ ይሰፈራል፤ ያጓደለ የለም። ይህን ሁሉ ጊዜ ግን ስለ ቁናው አፉን የከፈተ አንድ ሰው አልተገኘም። ፈርተው እንዳይመስልህ፤ ይሉኝታ ይዟቸው ነው።

ሹሙም ቢሆን አውሬ አልነበረም። ሁሉም ሰው አንገቱን ደፍቶ ከደግነትዎ፣ ከደግነትዎ ሲለው፣ ድልድዩ እውነትም ከኪሱ የሚወጣ ስጦታ መሰለው። ሰጪ ደግሞ ደስ ባለው ቀን ነው የሚሰጠው።

በሦስተኛው ዓመት፣ ግንቦት ላይ፣ የሻረግ ማዶ ቆማ ነጠላዋን አላነሣችም። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ክብ አሳየች። እናትየዋ ምርኩዟን ጥላ ዘለለች፤ ያን የታመመ ጉልበቷን ይዛ! ከሆዷ መጠን ስትገምት መውለጃዋ ነሐሴ ላይ ነው። የበኩር ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው፤ አራሷን የምታበላት፣ የምታጥባት፣ ሕፃኑን ከሁሉ ቀድማ የምትታቀፈው እናት ናት። ሴትዮዋ ቤቷን ለቀለቀች። የገንፎ እህል አስፈጨች። ከአንዲት ላሟ እየናጠች ለአራሷ የሚሆን ቅቤ በቅል ማጠራቀም ጀመረች፤ ለራሷ ግን ወጡን በጨው ትበላለች።

ሰኔ ሲገባ ዋናው ሽማግሌ ደጇ ቆመ።

«የኔ እመቤት፣ ለወይፈኑ መግዣ ሁሉም የአቅሙን እያዋጣ ነው። አንቺ ቅቤ አለሽ አሉ።»

«ያለኝ ቅቤ የአራሷ ነው።»

«ድልድዩ ካልተሠራ አራሷ በምን ትመጣለች? ለሷው ብለሽ ነው።»

ነገሩ እውነት መሰላት። ገብታ ቅሉን አወረደችና ይዛ ወጣች። ልትሰጠው ዘረጋች፤ እጇ ግን አልለቅም አለ። ሽማግሌው ይስባል፣ እሷ ትይዛለች። የአራሷን ጉርሻ ከአፏ ነጥቃ ለሹም የምታበላ መሰላትና ቅሉን ወደ ደረቷ መለሰችው።

«አባቴ፣ እኔ ለዚህ ድልድይ ስንት ጊዜ ነው የምሰጠው? በየመኸሩ ሰፍሬያለሁ እኮ። አልሰጥም። አብሬያችሁ ግን እሄዳለሁ።»

«ባዶ እጅሽን?»

«ባዶ እጄን።»

ሽማግሌው አማተበ። «ኧረ ተይ፣ አታዋርጂን!»

ሄዱ። ሹሙ ሰገነቱ ላይ ተቀምጧል። ሰው በየተራ እየቀረበ ያመጣውን ያኖራል፤ ማር፣ እንቁላል፣ ዶሮ፣ መጨረሻ ላይ ወይፈኑ። ሽማግሌው የወይፈኑን ገመድ ለአሽከሩ አስረክቦ እንደ ልማዱ ማሞገስ ሲጀምር፣ ሴትዮዋ በምርኩዟ እየተደገፈች ወደ ፊት ወጣች። ሁለት እጇን ዘርግታ ባዶነቱን አሳየችና እጅ ነሣች።

«ጌታዬ፣ ልለምንዎት አልመጣሁም። መለመንማ ስንት ጊዜ ለመንን። እኔ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው። ለድልድይ ብዬ በየመኸሩ የሰፈርኩት እህል የት ነው ያለው?»

አንዱ ከኋላ ነጠላዋን ጎተታት። የሹሙ ፊት ተለዋወጠ።

«ምን ያለችው ደፋር ናት! ስንት ስደክምላችሁ፣ ምስጋናችሁ ይሄ ነው? ማን ነው የላከሽ?»

«ናፍቆት ነው የላከኝ፣ ጌታዬ። ማዶ ልጅ አለችኝ፤ ነሐሴ ትወልዳለች። ድምፅዋ ጠፍቶብኛል። ከእርስዎ ቤት ምንም አልሻም፤ ለልጆችዎ ያድርግልዎ። እኔ የምጠይቀው የሰፈርኩትን ነው። መልሱን እስክሰማ እዚሁ እቀመጣለሁ።»

አለችና ጉልበቷን ይዛ፣ እያቃሰተች፣ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ልብ በል አንዳርጌ፤ አልተሳደበችም። ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም፣ አንቱታዋንም አላጎደለችም። ስጦታ የሰጠ ሰው መርቆ ይወጣል፤ ልማዱ ነው፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል። እሷ ግን አልሰጠችም፤ በምን ምክንያት ትውጣ?

ሽማግሌው ሴትዮዋን አየ። ሹሙን አየ። በመጨረሻ ሄዶ የወይፈኑን ገመድ ከአሽከሩ እጅ ወሰደ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጌታዬ። እኔም መጠየቅ ሲገባኝ ነው ሳሞግስ የኖርኩት» አለ። ወይፈኑን እየጎተተ መጥቶ ከሴትዮዋ አጠገብ ቁጭ አለ። ባለ ማሩ ተነሥቶ ጉንዶውን አነሣ። ባለ ዶሮዋ ዶሮዋን አቀፈች። አንድ በአንድ፣ ያመጡትን እየያዙ፣ መጥተው ተቀመጡ። ማንም አልጮኸም። ሹሙ ወደ ቤቱ ልግባ ቢል ሰው ሁሉ ደጁ ላይ ነው፤ ልቆጣ ቢል የሚቆጣው የቱን ነው?

«ተቆጥቶ አላሰራቸውም ወይ ጋሼ?» ነው የምትለኝ? አስቦ ነበር ይላሉ። ግን አሽከሮቹም እኮ ቁና ይሰፍራሉ፤ የነሱም ዘመድ ማዶ ነው። ፊታቸውን ሲያይ ሐሳቡን ተወው።

ከሰዓት በኋላ ጎተራው ተከፈተ። ግማሹን እህል የሹሙ እንግዶችና በቅሎዎች በልተውታል። የቀረው ነቅዞ ዱቄት ሆኗል፤ ሲነካ ይቦናል። ሹሙ ራሱ ደነገጠ፤ ጎተራውን ከፍቶ ካየ ስንት ዘመኑ! ጠያቂ ቢኖረው ይከፍት ነበር። በሰው ሁሉ ፊት የተበላውን ከራሱ ሊተካ፣ ክረምት ሲወጣ ሥራውን ሊያስጀምር ቃል ገባ። ይኸው ከዚያ ወዲህ በየመኸሩ ሰው ተሰብስቦ ይቆማል፤ ሹሙም የተሰፈረው እህል የት እንደዋለ ቆሞ ይናገራል።

ወንዙ ግን ለማንም አይጠብቅም። ክረምቱ ገባ። በነሐሴ አጋማሽ አንድ ቅዳሜ ማዶ የመጣችው የሻረግ ሳትሆን ሌላ ሴት ነበረች። ሁለት እጇን ወደ ላይ አንሥታ አጨበጨበች። እናትየዋ ልጁ እንደ ተወለደ ገባት። ወንድ ይሁን ሴት፣ ልጇ ትትረፍ አትትረፍ በምን ትወቅ? አፏን ከፍታ «የሻረግስ?» ብላ ጮኸች፤ ውሃው ዋጠው። ዘጠኝ ቀን በየዕለቱ ገደሉ አፍ ላይ ዋለች። በዘጠነኛው ቀን መንገደኛ ዞሮ መጣና «ሴት ናት፤ እናቲቱም በሕይወት አለች» አላት። ተንበርክካ መሬቱን ሳመች።

በኅዳር መጨረሻ ድልድዩ ተጋጠመ። ሥራው ስንት ቀን የፈጀ ይመስልሃል? አርባ ቀን። አርባ ቀን ብቻ፣ አንዳርጌ!

ቀድማ የተሻገረችው እሷ ነበረች። የሻረግ ከማዶ እየሮጠች መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ተላቀሱ። ሴትዮዋ ልጇን ዳበሰቻት፤ ትከሻዋ አጥንት ሆኗል፣ ድምፅዋም ትንሽ ጎርነን ብሏል። ከዚያ ሕፃኗን አቀፈቻት። ሕፃኗ ዓይኗን አፍጥጣ አየቻትና ጮኸች። እሹሩሩ ብትላት፣ ብትስማት፣ አልተው አለች፤ ፊቷን ወደ እናቷ አዙራ ተንሰቀሰቀች።

«ትለምድሻለች እማዬ» አለች የሻረግ።

«አዎ፣ ትለምደኛለች» አለች እናትየዋ። ልቧ ግን ያውቃል። ያቺን ልጅ መጀመሪያ የታቀፏት እጆች የጎረቤት እጆች ነበሩ፤ ያ ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚመጣው፤ ሄዷል። የቱም ድልድይ አይመልሰውም።

አየህ አንዳርጌ፣ ጤና ጣቢያችሁ ያ ድልድይ ነው። ያዋጣችሁትና በየዓመቱ የምትገብሩት ቁናው ነው። ሐሙስ በስብሰባው ላይ መዋጮውን የያዘውን ኃላፊ ጋቢ እናልብስ፣ ከዚያ እናመልክት ብላችሁ የምትመክሩት ደግሞ ወይፈኑ ነው። መጥፎ ሰዎች ሆናችሁ አይደለም። የራሳችሁን ነገር እንደ ምጽዋት መጠየቅ ለምዳችሁ ነው። ምጽዋት ከሆነ እኮ ሰውየው አልሰጥም ቢል አይወቀስም፤ የእናንተ ከሆነ ግን መልስ አለበት። ሂዱና አክብራችሁ ጠይቁት፣ አክብራችሁም ተቀመጡ። እስኪመልስ አትነሡ።

ድፍረት አይሆንም ወይ አልከኝ። ይኸው አንተ ጠየቅኸኝ፣ እኔም መለስኩልህ። ደፈርከኝ? አልደፈርከኝም።

ለመሆኑ ሚስትህ ስንት ወሯ ነው? ሰባት? ጤና ጣቢያው ደግሞ አዋላጅ የለውም። እንግዲያው ልጄ፣ አንተ ሦስት ዓመት የለህም። ሐሙስ ሂድ።