በከርቩ ግራ ዳር

አንድ ቀን፣ ምንተስኖት የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ለፈተና ማንም እንዳያጠና ዶርም ውስጥ ተማማለ። የስታትስቲክስ መምህራቸው ዶክተር ይትባረክ ኤ ሲሰጡ ከጎናቸው ሥጋ የሚቆረጥ ያህል የሚያማቸው ሰው ነበሩ። ውጤት የሚሰጡትም በከርቭ ነው፤ ብዙው ተማሪ መሀል ላይ ይከመርና ሲ ያገኛል፣ በጣም የበለጡት ጥቂቶች ቀኝ ዳር፣ በጣም ያነሱት ጥቂቶች ግራ ዳር ይወጣሉ። ተማሪዎቹ ታዲያ መላ ያገኙ መሰላቸው፤ ማንም ካላጠና ሁሉም እኩል ያንሳል፣ ሁሉም እኩል ካነሰ ደግሞ ሁሉም መሀል ነው።

ምስኪኑ ምንተስኖት ቃሉን ጠበቀ። ፈተናው እስኪደርስ ካርታ ሲጫወት ከረመ። ሌሎቹ ግን ሽንት ቤት ሳይቀር ተደብቀው ያጠኑ ነበር። ውጤት ሲለጠፍ ጓደኞቹ መሀሉን ሞልተውታል፤ ግራ ዳር ኤፍ ይዞ ብቻውን የቆመው እሱ ነው። ኤፉ ካልተነሳለት እነሱ ሲመረቁ እሱ ሊያጨበጭብላቸው ነው።

አፍሮም ተናዶም መምህሩ ቢሮ ገባና የሆነውን ሳይደብቅ ተናገረ፤ ድጋሚ እንዲፈተንም ለመነ። ዶክተሩ ኮስተር ብለው ሰሌዳው ላይ ደወል የመሰለውን መስመር ሣሉ፣ ግራ ዳሩ ላይም በጠመኔ ነጥብ አስቀመጡ። ይህች ነጥብ አንተ ነህ፣ ከርቩ እንደገባህ አሳየኝና ትፈተናለህ፣ አለዚያ ውጣልኝ አሉት።

ምንተስኖት ሰሌዳውን ትክ ብሎ አየ። ቀመሩ ትዝ አላለውም፤ ድሮስ መቼ አይቶት።

«መምህር፣ እርስዎ የለኩን በእውቀት ነው፤ ግራ ዳር ወጣሁ» አለ። «እስቲ ይህንኑ ክፍል ቃሉን በመጠበቅ ይለኩት። ጓደኞቼ እዚያው መሀል ተከምረው ይቀራሉ፣ እኔ ብቻዬን ቀኝ ዳር እወጣለሁ። ቀኝ ዳር ደግሞ ኤ ነው።»

ዶክተሩ ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል ዋጥ አደረጉት።

«በቂልነት ብንለካችሁስ?»

«ያኔማ መምህር፣ ሰሌዳው አይበቃኝም። ነጥቤን ከወዲያ ግድግዳው ላይ ነው የሚፈልጓት።»

ለሰኞ ጠዋት ፈተና ቀጠሩት፤ እስከዚያ ከማንም ጋር እንዳይማማል አስጠንቅቀው።