ዙሩ ሳይዘጋ

ስሟን ልተወውና፣ በግንብ የታጠረች አንዲት የቆየች የነጋዴዎች ከተማ ነበረች። መሐሏ ላይ ክብ ገበያ አለ። ሱቆቹ የውሃ ጉድጓዱን ከበው እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው፤ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ሱቅ እንኳ የምትለያቸው አንዲት ግድግዳ ናት።

ገበያው አባቶች ያቆዩት ደንብ ነበረው። እያንዳንዱ ቤት ሊነግደው የተፈቀደለት ሦስት ዓይነት ሸቀጥ አለ። ረመዳን ሊገባ ሲል ከሦስቱ አንዱን ብቻ ለወሩ ይመርጣል፤ ጎን ለጎን ያሉ ሱቆች ግን አንድ ዓይነት ሸቀጥ መያዝ አይችሉም። ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር በደንበኛ ተሻምቶ በጾም አፉ እንዳይጣላ ነው። ሦስት የሆነውም በዘፈቀደ አይደለም። ግራና ቀኙ ያሉት ሁለቱን ቢይዙበት፣ ሰውየው አንድ ይተርፈዋል።

ምርጫው የሚጀምረው ከሐጂ ሸምሰዲን ነው። በዕድሜም ሆነ አላህን በመፍራት የሚቀድማቸው አልነበረም። ከእሳቸው ወደ ቀኝ ይዞራል፤ በቀኝ መጀመር ሱና ነውና። በዚህም ምክንያት ከሐጂ በስተግራ ያለው ሱቅ ሁልጊዜ መጨረሻ ይደርሰዋል። ያ ሱቅ የዙበይዳ ነው። ባሏ ባለፈው ክረምት ወደ አኼራ ሄዶባት፣ የቲም ልጆቿን ይዛ በሱቋ የምትኖር ሴት ናት።

የዙበይዳ ቤት ማር፣ ጨርቅና ተምር ይነግዳል። ባሏ በሕይወት ሳለ “መጨረሻ የሚመርጥ ሰው ተምሩን ይያዝ፤ ግራ ቀኛችን ተምር አያውቅም” ይላት ነበር። እሷም ምክሩን ይዛ፣ ከባሏ የተረፈ ማር በእንስራ ቢኖራትም፣ ጓዳዋን በተምር ሞላች። ነገር ግን ጣሪያውን በየዓመቱ የሚጠግነው እሱ ነበርና፣ በዚህ ዓመት ማንም አላሰበውም። ያለጊዜው የጣለ ዝናብ ሰርጎ ገብቶ ተምሩን አሻገተው። ከላይ ሲያዩት ደህና ነው፤ እጅ ሲሰዱበት ግን ይሸታል። ይህን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

የምርጫው ቀን ከዐሱር ሶላት በኋላ ነጋዴዎቹ በሱቃቸው ተራ በመስጊዱ ግቢ ተቀመጡ። ሐጂ ቢስሚላህ ብለው ማር መረጡ። በቀኛቸው ያለው ኢድሪስ ቅመም አለ። ዙሩ ሄዶ ሄዶ ዙበይዳ አጠገብ ደረሰና ሌላው ጎረቤቷ ያሲን ጨርቅ ያዘ።

“ዙበይዳስ?” አለ የገበያው አለቃ።

ተምር የሚለው ቃል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ደህናውን ከላይ እያደረገች ብትሸጥ ማን ያያታል? ልጆቿን ግማሽ ዓመት የሚያበላቸው እኮ የዚህ ወር ገበያ ነው። ከዚያ ግን ቀኑን ሙሉ የጾመ ሰው ታያት፤ ቢስሚላህ ብሎ የእሷን ተምር ወደ አፉ ሲያደርግ።

“ተምሬ ሻግቷል” አለች። “ለሰው አልሸጠውም።”

አለቃው አንገቱን ደፋ። “ምን ላድርግ እቴ? ማሩን ሐጂ ይዘውታል፣ ጨርቁን ያሲን። እንግዲህ ሱቁ ለወሩ ይዘጋል።”

ያሲን መሬት መሬት ያያል። አልፈርድበትም፤ የያዘውን መልቀቅ ለማን ይቀላል?

ሐጂ ሸምሰዲን “እኔ ማሩን ትቻለሁ፤ ከሦስቱ ሸቀጦቼ ጨው እይዛለሁ” አሉ።

ሰዉ ተያየ። ረመዳን ሳይገባ ጨው ያልገዛ ቤት የለም፤ በወሩ ውስጥ ጨው መሸጥ ቁጭ ብሎ ዝንብ ማባረር ነው።

“ሐጂ፣ ማሩን አስጭነው አስገብተው የለም እንዴ?” አለ ኢድሪስ።

“ማር አይሻግትም። ከዒድ በኋላም ማር ነው።”

አለቃው ተቸገረ። “አንዴ የተመረጠ አይመለስም፣ ሐጂ። ደንብ ነው።”

“ደንቡንማ አንተ ሳትወለድ አውቀዋለሁ፣ ልጄ። ዙሩ ሳይዘጋ ግን ምርጫ አይጸናም። የሚዘጋው ደግሞ እሷ ስትመርጥ ነው። በቀኜ ቅመም፣ በግራዬ ማር፣ መሐል ላይ ጨው፤ ታዲያ የቱ ደንብ ፈረሰ?”

አለቃው ወደ ዙበይዳ ዞረ። ዙበይዳ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ “ማር” አለች፤ ዙሩም ተዘጋ።

ሲበታተኑ ተከትላቸው ሄደች። “ሐጂ፣ ምን ብዬ ላመስግንዎት? ሱቄን ብቻ አይደለም ያዳኑልኝ፤ እውነት በመናገሬ እንዳልጸጸት አደረጉኝ።”

“ምስጋናው ለአላህ ይሁን” አሏት። “ይልቅ አንቺ አውፍ በይኝ፤ ይቅር በይኝ። ስንት ዘመን ቀድሜ ስመርጥ ቀኜን እያየሁ ነው፤ ግራዬ ላይ ምን እንደሚተርፍ ዞሬ አላየሁም። በክብ ላይ ቀዳሚ የለም፣ ልጄ፤ ያለው ጎረቤት ነው።”

ያን ረመዳን ተአምር አልተፈጠረም። ጨው እንደ ጨውነቱ ተሸጠ፤ ሐጂም አብዛኛውን ቀን ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ቁርኣን ሲቀሩ ዋሉ። በግድግዳው ማዶ ግን የዙበይዳ ማር ይመዘን ነበር። ልጆቿም ለዒድ አዲስ ልብስ ለብሰው ወጡ። እሷም በየማፍጠሪያው ሰዓት፣ ውሃ ከመቅመሷ በፊት፣ ለሐጂ ዱዓ ታደርግ ነበር።

መልአኩ ጅብሪል ስለ ጎረቤት ደጋግሞ አደራ ከማለቱ የተነሳ፣ ነቢያችን ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም ጎረቤትን ሊያወርሰው ነው ብለው እስኪያስቡ ደርሰው ነበር። እኛ ይህን ሐዲስ በቃላችን እናውቀዋለን። ሪዝቃችንን፣ አላህ የሰጠንን ሲሳይ፣ ቀድመን ስናነሳም አልሐምዱሊላህ ማለት አንረሳም፤ ደግ ነገር ነው። ነገር ግን ምስጋናችን ከእጃችን አልፎ አያይም። ከኛ በኋላ የሚያነሳው ሰው ምን ተረፈው ብለን የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። ሐጂም ቢሆኑ አንዲት ሴት እውነቱን ስትናገር ነው ዞር ብለው ያዩት፤ ይህን መናገራቸው ራሱ ትልቅነታቸው ነው። አላህ ይዘንላቸው፣ እኛንም ግራችንን የምናይ ያድርገን። ሐጂ ማሩን ለቀው ያገኙትን፣ ማራችንን ታቅፈን ያጣነው ብዙዎች ነን።